የእንጨት ሸካሚዋ ጥያቄ

በኮተቤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። አምና ሐምሌ ከእንጦጦ ወደ የካ ሚካኤል በእግሬ ስወርድ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ የቆርቆሮ ጥግ ተጠለልኩ። ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ነበር። አንደኛዋ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው እየሸጡ አራት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ሁለተኛዋ አምለሰት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት።

«ልጄ፣» ይሏታል ወርቅውሃ፣ «ከዚህ ቀደምም እንዳንቺ ያሉ ሰዎች መጥተው ነበር። በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ አደሉን፤ ክረምት ሲገባ አልሞቅ አለ። ዛሬ ዶሮዬ እንቁላል ታቅፋበታለች። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ በኤሌክትሪክ ይጋግር ልትሉ ነው። እሺ፣ የኔን እንጨት ማን ሊገዛኝ ነው?»

«እማማ፣ እኔም የመጣሁት ይህንኑ ልጠይቅዎ ነው።»

«ጥያቄ አይበላም።»

«እውነትዎን ነው። ግን ያ ምድጃ መሐንዲስ ብቻውን የሠራው ነበር። መቼ እንደምታበስሉ እንኳ የጠየቃችሁ የለም። አሁን መሐንዲሱ፣ የጤና ባለሙያዋ፣ የኢኮኖሚ አዋቂው፣ የሰውን ኑሮ የማጠናው እኔም አንድ ላይ ተቀምጠናል። የጎደሉን እርስዎ ነዎት።»

«ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ?»

«የትኛው ቤት ስንት እስር እንጨት እንደሚያነድ፣ መብራት ሲጠፋ ማን ምን እንደሚያደርግ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

«ባልንጀራዬ ሐቢባ፣» አሉ ወርቅውሃ ዝናቡን እያዩ፣ «ባለፈው ክረምት ከነሸክሟ ገደል ገባች። ቀብረናት በማግስቱ ተመልሰን ወጣን። ምን እናድርግ?»

አምለሰት መጻፏን ትታ አንገቷን ደፋች። እኔም አፈርኩ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ዕውቀት ከሰሌዳ ወደ ወንበር ብቻ የሚወርድ ይመስለኝ ነበርና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ሄድኩ። መሐንዲሱ ፋኑኤል ጎረቤት ሁሉ ሊጡን አምጥቶ የሚጋግርበትን የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ንድፍ አሳየ። ሁሉም አጨበጨበ። ወርቅውሃ ግን ተነሡ።

«ባለቤቱ ማነው?»

«ጨረታ ያሸነፈ ድርጅት ያስተዳድረዋል፣ እናቴ።»

«እንግዲያው እንጀራችንን ቀምታችሁ ለባለሀብት ልትሰጡ ነው። የሐቢባ ልጆችም ያንኑ ገደል ይውጡ!»

ፋኑኤል ንድፉን ጠቀለለው። «ይህን አላሰብኩትም፤» አለ፤ «ይቀመጡና አብረን እናስበው።»

ሦስት ወር ተከራከሩ። ወርቅውሃ ሳይቀሩ መጡ፤ አንዳንዴም ተቆጥተው ወጡ። በመጨረሻ መጋገሪያው ተሠርቶ የሸካሚዎቹ ማኅበር ንብረት ሆነ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪም ተጨመረለት።

ዛሬ አሥራ አንድ ሴቶች በመጋገሪያው እየሠሩ ከሸክም አርፈዋል። የሐቢባ ታላቅ ልጅ ነጅማ ከመካከላቸው አንዷ ናት። የጎረቤቱ ጓዳ ከጭስ ተገላግሏል፤ በዳገቱ ላይም ለጋ ዛፍ ሳይቆረጥ እያደገ ነው። ማሽን ብቻውን ኑሮን አይለውጥም፤ የሚለውጠው፣ በለውጡ የሚጎዳው ሰው አስቀድሞ ሲጠየቅና ባለቤት ሲሆን ነው።

ገና ዕድሉ ያልደረሳቸው ብዙ ሸካሚዎች አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ወርቅውሃን ባዶ እጃቸውን ወደ እንጦጦ ሲወጡ አገኘኋቸውና ወዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ወደ ሸካሚ ሴቶቹ ነው፤» አሉኝ። «ሌላ መጋገሪያ ሊሠራ ነው፤ ንድፉ ሳይወጣ የነሱን ቃል ልስማ ብዬ።»