አንድ ሙሉ ደቂቃ

ክብርት ወይዘሮ መቅደስ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን ሽኝት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዲት የስፖርት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛን ለመሸኘት ሁለት ኬክ መቁረጥ ከመመሪያ ውጭ ይመስለኛል፤ ዛሬ ግን አላጣራም።

ስለ ራሴ የምናገረው ጥቂት ነው። ስለ አንድ ደቂቃ ግን የምለው አለኝ።

ባለፈው ጥቅምት ጋሽ ወልደየሱስ ዐረፉ። ከጨንቻ ወርደው ለከተማችን ቡድን በግራ ክንፍ የተጫወቱት ማለቴ ነው። እሑድ ከጨዋታው በፊት ባልደረባችን ሸዋንዳኝ በድምፅ ማጉያው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አወጀ። ተነሣን፤ ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ተቀመጥን።

በማግሥቱ የዚያው ቡድን ተከላካይ የነበሩት ጋሽ ጥዑመልሳን ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ መዝገብ የምትይዢው አንቺ ነሽ?»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጻፊ። ለወልደየሱስ የተቆመው ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ቆጥሬያለሁ።»

መርሐ ግብሩ ተጣቦ ይሆናል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«እኛ ለዚህች ከተማ ዘጠና ዘጠና ደቂቃ ሮጠናል» አሉኝ። «እሷ አንዷን ትሰስትብናለች? እኔ ስሞት ሙሉዋን ስጡኝ።»

ቃል ገባሁ። ቃሌንም ቀንና ቁጥር ሰጥቼ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።

በጥር ዐረፉ። የዚያን እሑድ የሩጫ ሰዓት ገዝቼ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ዳኛው በሃያ አንደኛው ሰከንድ ነፋ። ወደ ሜዳው ገባሁ።

«ምን ተፈጠረ?» አለኝ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ይቀራል» አልኩት።

ዳኛው ሸዋንዳኝን አየ። ሸዋንዳኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ማጉያውን አንሥቶ «ከመጀመሪያው እንቆማለን» አለ።

ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እስከ ሠላሳኛው ሰከንድ ድረስ ሰው የሚያስበው ስለ እግሩ ነው። ስለ ሟቹ ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር። በአርባኛው ሰከንድ ግድም የቡድኑ በረኛ የነበሩት ጋሽ ገብረ ማርያም አለቀሱ። ሲቀመጡም ዓይናቸውን እየጠረጉ ለጎረቤታቸው እንዲህ አሉ፦ «ጥዑመልሳን ጭማሪ ሰዓት ወሰደ። ዱሮም ስንመራ ሰዓት መግደል ይችልበት ነበር።»

ያለ ፈቃድ ሜዳ በመግባቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ተገቢ ነው። ማኅደሬ ውስጥ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ቡድን ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ጋሽ ገብረ ማርያም እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ለትምህርት እንደምሄድ ትናንት ሲሰሙ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይቆጥርልኛል?»

ሌሊቱን አሰብኩበት። መልስ ሳልሰጥ ብሄድ የገባሁት ቃል ከእኔ ጋር ከከተማው ይወጣል። ቃል ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ነው፤ ይዞ መሄድ አይፈቀድም።

ስለዚህ ሸዋንዳኝ፣ እባክህ ወደዚህ ና። ሰዓቱ ይኸውና። የርክክብ ቅጹን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ፤ ጋሽ ገብረ ማርያም በምስክርነት ይፈርማሉ።

ለእኔ ግን ማንም ተነሥቶ ዝም እንዳይል አደራ። የምሄደው ሐዋሳ ነው።

የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግ፤ ለአንጋፋ ተጫዋቾቻችን ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። ያ ሰዓትም ለብዙ ዓመታት ከመሳቢያው አይውጣ።