የአያ ክንዴ ዳማ እና የእትዬ ማናለብሽ አንገት

የጤና መድን ለገበሬው ምን እንደጠቀመ ለማጥናት ከቤት ቤት የምዞር አስተማሪ ነኝ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። አምና ኅዳር ከቆሰበር ወደ አዲስ ቅዳም ስሄድ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና ወረድን። እዚያው መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ዳማ ፈረስ እየሳቡ ሲመጡ አገኘኋቸው። አያ ክንዴ ይባላሉ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ወዴት ነው በደህና?»

«ልሸጠው ነው ልጄ። ባለቤቴ ማናለብሽ እንቅርቷ አድጎ ትንፋሽ ያሳጥራት ጀመር። ሐኪሙ ጥቂት ወራት ትታገሣለች፣ ግን በቀዶ ጥገና ይውጣላት ብሏል። ፈረሱን እወደዋለሁ፤ እሷ ግን ትብስብኛለች።»

«የጤና መድን የለዎትም?»

«ኧረ በስመ አብ! በጤናዬ ለበሽታ ልክፈል? ሟርት ነው እኮ!»

ደሜ ፈላ። ግን ሽማግሌ ናቸውና ዋጥ አድርጌ ሌላ ጠየቅኳቸው።

«የፈረሰኞች ማኅበርተኛ ነዎት አይደል? ይህ ዳማ ቢሞትብዎስ?»

«በመንደራችን ደንብ ሁሉም አዋጥቶ ሌላ ይገዛልኛላ! እኔም ፈረስ ለሞተበት ሁሉ አዋጥቻለሁ።»

«እና ማዋጣታችሁ ሟርት ሆኖ ፈረስ ገደለ?»

ወደ ፈረሱ ዞረው ጋማውን ይዳብሱ ጀመር።

«ታዲያ አያ ክንዴ፣ ለፈረሱ ይህን ያህል አስበው እትዬ ማናለብሽን ምነው ረሷቸው?»

«አንቺ ነገረኛ ነሽ!» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «ይሁን፤ ጎረቤቴ ምህረቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ መድን እያለው መድኃኒት የለም ተብሎ በገዛ ገንዘቡ ከውጭ ገዝቶ የለም ወይ?»

«እውነት ነው፤ እኔም በጥናቴ ደርሼበታለሁ፤ ያሳፍራል። ግን ምህረቴ ‹መድኃኒቴ የት ሄደ?› ብሎ በስብሰባ ይጠይቃል። ያላዋጣ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? የመኝታውንና የምርመራውን ወጪስ ማን ሸፈነለት? በሬዎቹ ተሸጡ?»

«በሬዎቹማ አሉ፤ ትናንት ሲያበራይባቸው ነበር» አሉና የፈረሱን ልጓም ይዘው ቆሙ። ገበያተኛው ሁሉ አለፋቸው። ኋላም ዳማውን አዙረው ወደ ቤታቸው መሩት። ምዝገባው ክፍት ስለነበር ባልና ሚስት በማግስቱ ተመዘገቡ። አዲስ አባል መታከም እስኪጀምር የሚጠብቀው ጊዜ ሲያልፍ እትዬ ማናለብሽ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ቀዶ ጥገናውም ሠመረ።

ዘንድሮ በጥር ወር በተከበረው የፈረሰኞች በዓል አያ ክንዴ ዳማው ላይ ተቀምጠው ጓደኞቻቸውን ሰበሰቡ።

«ወንድሞቼ! ለፈረስ ስናዋጣ ኖርን፤ ለሰውም እናዋጣ! የታመመ ሳይፈራ በጊዜው ይታከማል፣ በሬና ፈረስ ከደጃችን አይወጣም፣ ጎደለ ሲባልም እንደ ባለቤት እንጠይቃለን። እኔ ሞኙ ይህን ሟርት ብዬው ነበር!»

ፈረሰኞቹ «ይበል!» አሉ። እኔም ወደ እትዬ ማናለብሽ ጠጋ ብዬ፣ «ለጥናቴ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ መድኑ ምን ለወጠልዎት?» አልኳቸው።

ስንት ዓመት አንገታቸውን የሸፈኑበትን ሻሽ ፈቱት። ከዚያ «እልልልልል!» አሉ፤ ረጅም፣ ሳይቆራረጥ። አጠገባቸው ያሉ ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ሜዳው በእልልታ ሞላ፤ አያ ክንዴም ከፈረሳቸው ላይ ሆነው አለቀሱ።

«ትንፋሼን ነው የመለሰልኝ» አሉኝ እትዬ ማናለብሽ። «ይህን ጻፊ።»