ማን ቀበረው?

ክብርት ዳኛ ሰዓዲያ፣ ክቡራትና ክቡራን ዳኞች፣ የሬጅስትራር ክፍል ሠራተኞች፣ ችሎት አስከባሪዎች፣ በር ላይ የቆማችሁ ጥበቃዎችም፦ አካም ጂርቱ? እንደምን ናችሁ?

ስለ ምሳው አመሰግናለሁ። ለእኛ ለጥቂቶቹ ክርስቲያኖች ለብቻ በግ አሳርዳችሁ፣ ድስቱንም ለይታችሁ አስቀምጣችኋል። ሳልጠይቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነበራችሁ። ስለ ጋቢውም አመሰግናለሁ። ለከሚሴ ሙቀት ጋቢ የመረጠው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚህ ከተማ ውጣ ማለቱ ከሆነ ግን አልወጣም።

ጠዋት አብዱልጀባር፣ ሬጅስትራራችን፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ አስጠነቀቀኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ያንን ነገር እንዳያነሡ።»

«የቱን ነገር?»

«ያውቁታል። የትንሣኤውን።»

«ስለ ምን ልናገር ታዲያ?»

«ስለ ጡረታ! ሰው ሲሰናበት ስለ ጡረታ ነው የሚናገረው።»

ስለ ጡረታ የምለው ነገር የለኝም። ነገ ጠዋት ለማስተርጎም ችሎት አልገባም፤ አለቀ። ስለዚህ ያንኑ ላነሣ ነው። ልሰብካችሁ አይደለም። እናንተም እምነታችሁን ታውቃላችሁ፣ እኔም የእኔን አውቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ለማዞር አልነሣም። ግን በዚህ ከተማ አንድ ጥያቄ ተጠይቄ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። ከጠየቁት አንዱ እኔው ራሴ ነኝ።

ባለፈው ረመዳን ባለቤቴን ይመኙሻልን እንደቀበርን ታስታውሳላችሁ። ቅሬው፣ የቀብር ዕድራችን፣ መጣ። ቅሬያችን ክርስቲያን እስላም አይልም፤ የሞተበትን ሰው ቤት ያውቃል፣ አካፋና ዶማ ይዞ ይመጣል። ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አብዱልጀባር ጾሙን ይዞ፣ ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ገብቶ አፈር ሲያወጣ ዋለ። ውጣ ብለው አልወጣም። አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ሲበተን አጠገቤ ቆመና ትከሻዬን ያዘኝ።

«አብሽሩ፣ አይዞዎት ጋሼ፤ እትዬ ይመኙሻል ይነሣሉ» አለኝ።

እኔም ምን ብዬ መለስኩለት? «በምን ማስረጃ?» አልኩት።

ሰው በሚስቱ መቃብር ላይ እንዲህ ይላል? እኔ አልኩ። አብዱልጀባር ደነገጠ። «ታዲያ እኔን ሲነግሩኝ የኖሩት ምን ነበር?» አለኝ።

ስንት ዓመት ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንከራከር ስለ አንድ ሩቅ መቃብር ነበር የምንከራከረው። ያን ቀን ግን መቃብሩ እግሬ ሥር ነው፤ ውስጡ ያለችው ይመኙሻል ናት። የምናገረው እውነት ከሆነ አያታለሁ። ማጽናኛ ብቻ ከሆነ ግን አልፈልገውም። በማጽናኛ የሚታለል ሰው አይደለሁም፤ እሷም ይህንን ታውቅ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ልመልስ። ለመመለስ ወደ አንድ መዝገብ ልውሰዳችሁ፤ አዲሶቹ ስለማታውቁት አጠር አድርጌ ልንገራችሁ።

ከጨፋ ሮቢት ወገን ሙሀመድኑር የሚባል ሰው በባቲ በኩል ወደ ባሕር ወረደ። ሥራ ፍለጋ ነው። ከዚያ ጀልባዋ ሰጠመች የሚል ወሬ መጣ። ቅሬው ለቅሶ ተቀመጠ፣ ዱዓ ተደረገ። ዓመታት አለፉ። ወንድሙ በድሩ መሬቱን ሲያርስ ቆየና ወንድሜ መሞቱን ፍርድ ቤት ያውጅልኝ ብሎ አመለከተ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከሽማግሌ እስከ ልጅ ሙሀመድኑር ሞቷል ይላል፤ እሱም ይህንኑ ነው ያለው።

አንዲት ሴት ብቻ እንቢ አለች። አክስታቸው ኡምኩልሱም፣ ባቲ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ። «ባለፈው ሰኞ በግመሎቹ መካከል አየሁት፤ ስጠራው ግርግሩ ዋጠው» አለች። ሰዉ ሳቀባት። ሐዘን ነው፣ እርጅና ነው፣ ፀሐይ ነው አሏት። በችሎቱ ስትቆም የችሎታችን ቋንቋ ኦሮምኛ አይሆንላትምና ቃሏን የማዞረው እኔ ነበርኩ። የበድሩ ጠበቃ፣ «እማማ፣ ዓይንዎ ደህና ነው?» አላት።

«ላንተ መልክ ይበቃል፣ ልጄ» አለችው። ይህንንም አዞርኩት። ሥራዬ ነው።

ከእሷ ሌላ ሁለት ሰዎች አይተነዋል ብለው መጡ። አንዱ አረንጓዴ ሽርጥ ታጥቆ ነበር አለ፣ አንዱ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ነበር አለ። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ገበያው ሲፈታ። ጠበቃው ደስ አለው። «ክብርት ዳኛ፣ ቃላቸው ይጋጫል!»

ዳኛ ሰዓዲያ ያኔ ወጣት ነበረች። ብዕሯን አስቀመጠችና ስለ ሽርጡም ስለ ጀለቢያውም ምንም ሳትል በድሩን አየችው። አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ኤኙቱ ኢሳ አዋሌ?»

እኔም ለኡምኩልሱምና ለአማርኛ ሰሚዎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ አዞርኩት፦ «ማን ቀበረው?»

ለቅሶ የተቀመጠው ብዙ ነው። ንፍሮ የበላ፣ ዱዓ ያደረገ ብዙ ነው። አስከሬኑን ያጠበ ግን አንድ ሰው የለም። የከፈነ፣ ጉድጓድ የወረደ የለም። በእኛ አገር ሰው በሰው እጅ ነው የሚቀበር፤ እጁን አፈር ያስነካ ሰው ካልተገኘ ሞት አልተመሰከረም። ለካ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰው በወሬ ነው።

በተከታዩ ቀጠሮ ሙሀመድኑር ራሱ በበሩ ገባ። ሰው አገር እስር ቤት ከርሞ፣ ባዶ እጁን ቤቱ መግባት አፍሮ ባቲ ሰንብቶ ነው የመጣው። ኡምኩልሱም እልል አለች፤ ዳኛዋም እልልታ በችሎት ክልክል መሆኑን ያን ቀን ረሳችው። እኔ ግን ዓይኔ በድሩ ላይ ነበር። የወንድሙ መኖር መሬቱን ያሳጣዋል። ብድግ አለና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ወንድሜ ነው። ወላሂ ወንድሜ ነው» ብሎ እያለቀሰ ከወገቡ ጨምቆ ያዘው።

እኔ ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም። ሻይ ቤት እንደገባን አብዱልጀባርን ያዝኩት። «አየህ? መጀመሪያ ያየችው ሴት ናት፣ ሳቁባት። የኢየሱስ መቃብር ባዶ የመሆኑን ወሬም መጀመሪያ ያመጡት ሴቶች ናቸው፣ ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ቅዠት ነው አሏቸው። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ክብደት አልነበረውም። ውሸት የሚፈጥር ሰው እንዴት የማይታመን ምስክር ይመርጣል? ደግሞ አራቱ ጸሐፊዎች በትንንሹ ይለያያሉ፤ አንዱ አንድ መልአክ፣ አንዱ ሁለት ይላል። ተማክረው የመጡ ምስክሮችን አናውቃቸውም እንዴ? እነሱማ ሽርጡን እስከ ክሩ ድረስ አንድ ያደርጉታል!»

አብዱልጀባር ሻዩን ጨለጠና ምን አለኝ?

«ጋሼ፣ በራስዎ ላይ ፈረዱ። ሙሀመድኑር የተመለሰው እኮ ስላልሞተ ነው! እኛስ ስለ ኢሳ የምንለው ምን ሆነና? አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትም፣ አላህ ወደ ራሱ አነሣው ነው የምንለው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፋሪዳ፣ ችሎት አስከባሪያችን፣ አንቺም ነበርሽ፤ ከሁሉ በላይ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ «ያልሞተ ነው የተመለሰ» ትሉኝ ነበር። ሽንፈት አልወድም። ግን መልስ አልነበረኝም። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ያገኘሁትን በየማታው እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ እያነበብኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። መልሱን በንባብ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።

ያገኘሁት ይመኙሻልን በቀበርን ማታ ነው።

«በምን ማስረጃ?» ብዬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ተቀምጬ እጄን አየሁት። አፈር ነበረበት። እሷን ስናወርድ በራሷ በኩል የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በሕይወት ያለ ሰው ስትሸከሙት ያግዛችኋል፤ ተኝቶም ቢሆን ያግዛል። ሬሳ አያግዝም። የተሸከመ ያውቀዋል። ማንም ሐኪም፣ ማንም ጠበቃ መጥቶ ምናልባት አልሞተች ይሆናል ቢለኝ፣ እጄ እንቢ ይለዋል።

ያን ጊዜ የዳኛ ሰዓዲያ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ማን ቀበረው?

በሙሀመድኑር ጉዳይ መልስ አልነበረውም። በኢየሱስ ጉዳይ ግን መልስ አለው፤ መልሱም ስም አለው። ዮሴፍ ይባላል፤ የአርማትያስ ሰው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሸሽተው ሳለ ገዢው ፊት ቀርቦ ሬሳውን የለመነ፣ ያወረደ፣ የከፈነ እሱ ነው። ማን ነበር ይህ ሰው? የፍርድ ሸንጎ አባል! ኢየሱስን ይሙት ካለው ሸንጎ። የእኛ ቤት ሰው ነው፣ ጓዶች። የሚቀበርበትን ስፍራ ደግሞ ሴቶቹ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ወሬውን የፈጠሩት ተከታዮቹ ቢሆኑ ኖሮ የቀብሩን ክብር ከፈረደበት ሸንጎ ላለ ሰው ሰጥተው ራሳቸውን በር ዘግተው የተደበቁ ፈሪዎች ያደርጉ ነበር? ማን ስለ ራሱ እንዲህ ይዋሻል?

አብዱልጀባር፣ በዚህ ላይ አንስማማም፤ አውቃለሁ፣ አትነቅንቅ ራስህን። እኔ የምልህ ያኔ ለሳቅህብኝ መልሱ ይኸው ነው። ሙሀመድኑርን የቀበረው የለም። እሱን ግን ሰው በእጁ ቀብሮታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ፀጉሬ ይቆማል። ያዕቆብ የሚባለው ወንድሙ፣ በሕይወቱ ሳለ ያላመነበት ወንድሙ፣ ከቀብሩ በኋላ በዚያችው ከተማ የአማኞቹ አለቃ ሆነ፣ በዚያውም ተገደለ። ወንድም ያላችሁ ሁሉ እስቲ ንገሩኝ፤ ወንድማችሁን ጌታዬ ነው እንድትሉ ምን ማየት አለባችሁ? እኔ በድሩን ብድግ ሲል አይቼዋለሁ። ጥቅሙ ወደ ሌላ እየጎተተው እውነት ከወንበሩ ያስነሣው ሰው ምን ዓይነት ፊት እንዳለው አውቃለሁ። ደግሞ ጳውሎስ አለ፤ አማኞቹን እያሳደደ ሲያሳስር የነበረ ሰው። ክስተቱ ከሆነ ብዙም ሳይርቅ ያዩትን ሰዎች ዘርዝሮ ጽፎ፣ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ ይላል። በእኛ ቋንቋ ምን ማለት ነው? መጥሪያ ላኩላቸው ማለት ነው!

እውነቱን ልናገር፤ ያልተመሰከረ አልጨምርም። ሐዋርያት እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሞቱ የምንሰማው ሁሉ እኩል ማስረጃ የለውም፤ ከፊሉ ትውፊት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮም አንድን ሰው ከመቃብር አያወጣም። ማስረጃ እስከ ደጃፉ ያደርሳችኋል፤ ድንጋዩ ተንከባልሎ ታያላችሁ፣ ከፈኑ ተቀምጦ ታያላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው ጎንበስ ብሎ መግባት አለበት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች ያሉትን ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚያ ደጃፍ ላይ ስደርስ ግን የማዞርበት ቋንቋ የለኝም። ሰው እስከ መቃብር ይከተላል እንጂ ከመቃብር ማንም ተመልሶ ሲመጣ አላየም፤ አንድ ጊዜ ግን ሴቶቹ በማለዳ ሄደው ባዶ አገኙት። አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ከሆነ፣ ዓለም እኛ የምናውቃት አይደለችም። ይመኙሻልም እዚያ ባስቀመጥናት አትቀርም።

በመቃብሩ ላይ የጠየቅሁትን ለራሴ እንዲህ መለስኩ። አብዱልጀባር፣ በማስረጃው ነው። ላንተ ስነግርህ የኖርኩት ለእኔ ኖሯል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በሰው ፊት ስለሆነ እንቢ አትለኝም። የእኔ ቀን ሲመጣ ከቅሬው ጋር ና። ረመዳንም ቢሆን ና። ለይመኙሻል እንደወረድከው ጉድጓዱ ውስጥ ውረድ፣ በራሴ በኩል አንተ ያዝ፣ ክብደቴን እጅህ ይወቀው። አፈሩን ደህና አድርገህ ጠቅጥቀው። ያልሞተ ነው የተመለሰ የሚል ሰው እንዳይኖር!

ምን አልክ? ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ከኋላ አይሰሙም።

«ኢንሻአላህ ጋሼ፤ እኔ ቀድሜ ካልሄድኩ» ይላል። ሰማችሁ? አሁንም ይከራከረኛል።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ዳኞች፣ ፈጣሪ ከጉቦና ከችኮላ ይጠብቃችሁ፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረት ይስጣችሁ። ወጣቶች፣ በምትናገሩት ቃል የሚታመኑ ያድርጋችሁ። የሚስቁባት ሴት ስትመጣ አስጨርሷት። በዚህ ሸለቆ አንዳችን የአንዳችንን ጉድጓድ መቆፈር አይቅር፤ ጠላት አይግባበት፣ ወሬም አይግባበት። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ሽማግሌዎቻችሁ በእጃችሁ ይሸኙ።

በዚያኛው ችሎት ሁላችን በምንቆምበት ቀን፣ ይህን ሽማግሌ ማን ቀበረው ተብሎ ሲጠየቅ፣ አብዱልጀባር፣ እጅህን አውጣ። እኔ አጠገብህ ቆሜ እሰማሃለሁ።