ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ታየ

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር። አጠገቡ ያሉት አሮጊት አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ ምንድን ናት እንዲህ የታቀፍካት?»

«ኮምፒውተር ናት እናቴ። አርጅታ ምስል የምታወጣበት ካርድ ተበላሸባት፤ ደሴ ወስጄ አስቀየርኩላት።»

«ካርዱን ብቻ ገዝተህ አትመጣም?»

«ባለፈው ገዝቼ መጥቼ ነበር። ካርዱ ረጅም፣ እሷ ጠባብ፤ ክዳኗ አልገጥም አለ። ዛሬ ራሷን ወስጄ አስለካኋት።»

«እንደ ጫማ!»

«ምን ላድርግ! እህቴ ሪያድ ናት። በኢንተርኔት ስናያት ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። እናታችን ‹ልጄን መርዘዋታል› ብላ እህል አልቀምስ አለች።»

«ያ አላህ! ካርዱ ነው አላልካትም?»

«ብላት ማን ሰምቶኝ! ‹አንተም ከእነሱ ጋር ተማክረህ ነው› አለችኝ።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ኮምፒውተሯን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«አሁን ሰውን እንዳለ ታሳያለች?»

«ደሴ ሞክረናታል። ጥርት አድርጋ ነው የምታሳይ።»

«መክሳቱንም?»

«የማንን?»

«የእኔዋም ልጅ ቤሩት ናት። በስልክ ሁልጊዜ ‹ደህና ነኝ› ነው የምትለኝ።»

«አብሽሩ እናቴ። ነገ እኛ ቤት ይምጡና ደውለንላት ያዩዋታል።»

«እመጣለሁ። ከስታ ካየኋት ግን፣ አደራህን፣ ‹ካርዱ ነው› በለኝ።»

እኔም መካነ ሰላም እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ የገብሱን ማሳ እያየሁ ሄድኩ።