ጋሽ አባይነህ የቆሙበት ደጃፍ

ጋሽ አባይነህ በዚያም እሁድ ከረባታቸውን አስረው እሪ በከንቱ ሰፈር ቆመዋል። የቆሙበት ቦታ ሠላሳ ዓመት ያህል ምእመናንን እጅ እየጨበጡ ያስገቡበት የጸሎት ቤታቸው ደጃፍ ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ፣ አዳራሹም አብሮ ሄዶ፣ ከጀርባቸው ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ምእመናኑ በከተማው ዳርቻ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትነዋል። እሳቸው ግን የለመደ ሰው ቢመጣ የሚቀበለው እንዳያጣ ብለው በየሳምንቱ ይቆማሉ። እስካሁን የመጣ የለም።

«ጋሽ አባይነህ፣ እንደምን አደሩ?»

ዘወር ሲሉ መዘምራኑን ስትመራ የኖረችው መምህርት ቤተል ናት። ብርቱካን የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ ወደ ታክሲ ተራ ስትወርድ ነበር ያየቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ በሰንበት ወዴት ነሽ?»

«እማማ ሸዋረጋ ጋ፣ አራብሳ።»

«አራብሳ አዲስ አበባ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ አገር?»

«ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ይምጡና ይዩት።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። በዚያን ዕለት ማታ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ስብሰባ አለ። ምእመናን በየሰፈራቸው፣ በየቤቱ ተሰባስበው ያምልኩ የሚለው ሐሳብ የቤተልና የጓደኞቿ ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል፤ የቀሩት ሰብሳቢው ጋሽ አባይነህ ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ አይጀመርም። ካልተጀመረ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው አንድ በአንድ እንደወጣ መቅረቱ ነው።

«ማታ ምን ሊሉን ነው?» አለች ቤተል።

«እምቢ ነው የምለው። አንቺ አልተወለድሽም እንጂ፣ በደርግ ጊዜ እኛም በየቤቱ ነበርን። በር ቆልፈን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን፣ ከሬዲዮኑ ድምፅ ሥር በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። አብዮት ጠባቂ ቢያንኳኳ ልደት ነው እንድንል ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አይጠፋም። ያንን ሁሉ የቻልነው አንድ ቀን በግልጽ፣ በአዳራሽ ለመዘመር ነው። አሁን ተመለሱ ትይኛለሽ?»

«በዚያ ጊዜ መቅረቱ ሳይታወቅ የቀረ ሰው ነበር?»

ጋሽ አባይነህ አሰብ አደረጉ። «የለም። አንድ ሰው ከቀረ በነጋታው ቤቱ እንሄዳለን። ታስሮ ይሆናላ።»

«እማማ ሸዋረጋ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር አዳራሹ ገና አልፈረሰም ነበር። እኛ ግን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር የአንድ ሰው ጉድለት አልታየም።»

«በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎን ልወቅስ አይደለም። ያን ሁሉ እጅ እየጨበጡ የትኛው እጅ እንደጎደለ በምን ያውቃሉ?»

ሽማግሌው በምርኩዛቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ለመሸነፍ ግን አልቸኮሉም።

«በየቤቱ ሲሆን ደግሞ ሁሉም በየማድ ቤቱ የራሱን ወንጌል ይቀቅላል። ማን ይቆጣጠራል?»

«ይሄ እውነት ነው፤ እኔንም ያሰጋኛል። ለዚህ እኮ ነው ሽማግሌዎች እየዞሩ ያስተምሩ ያልነው። የእኛ ሽማግሌ ግን ቆርቆሮ እየጠበቁ ነው።»

«ምላስሽን አራዳ ነው ያሳደገው» አሉና ፌስታሉን ከእጇ ተቀበሏት። «በይ ነይ፣ ታክሲው የት ነው? ላየው ነው እንጂ እሺ ማለቴ አይደለም።»

እማማ ሸዋረጋ የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከወጡ ወዲህ አልወረዱም። ቤቱ ውስጥ ከጎረቤት ብሎኮች የመጡ ምእመናን ተቀምጠዋል። ሁሉም የእሪ በከንቱ ሰዎች ናቸው። ከፊት ለፊት የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤታቸው ኑሰይባ ሁለት ወንበር ይዛ መጣችና «እንዳያንሳችሁ ብዬ ነው፤ ስትጨርሱ እወስዳለሁ» ብላ ሄደች።

ቤተል መዝሙር አነሳች። ሁሉም ተቀበሏት። ጋሽ አባይነህም ተቀበሉ፤ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። በሰው ሳሎን ተቀምጠው ሲዘምሩ ጉሮሯቸው የድሮውን ልማድ ያዘ። እማማ ሸዋረጋ ከአልጋቸው ሆነው ትክ ብለው አዩአቸው።

«አንተ አባይነህ፣ ሬዲዮኑን ልክፈትልህ እንዴ?»

ያን ዘመን አብረው ስላሳለፉት ነገሩ ለጋሽ አባይነህ ወዲያው ገባቸው። ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆች ኮሪደሩ ላይ ይሯሯጣሉ። የኑሰይባ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። ማንም የሚያደባ የለም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የጠሉት ቤቱን ሳይሆን ቁልፉን እንደነበር ያን ጊዜ ተረዱ። ድምፃቸውን ለቀቁት። ሻካራ ነበር፤ ዜማውንም ትንሽ ሳተ፤ ግን ደረጃው ድረስ ተሰማ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ቤተልን ጠሯት።

«ማታ እሺ እላለሁ። ግን በሮቹ ክፍት ይሁኑ። ሽማግሌ የማይጎበኘውም ቤት አይኑር፤ ከዚህ የምጀምረው እኔ ነኝ። በየወሩ ደግሞ ሜዳ ላይም ቢሆን ሁላችንም እንገናኝ። አዳራሹንም ፈልገን እናገኛለን።»

«እስከዚያስ ቆርቆሮውን ማን ይጠብቀው?»

«ቆርቆሮው ራሱን ይጠብቅ።»

እንዲህ ሲሆን የታመመው በዕለቱ ይጠየቃል፤ ደረጃ መውረድ ያቃተው ከጉባኤው አይጎድልም፤ ጎረቤትም እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያምኑ ከሐሜት ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ያውቃል። አዳራሽ መልካም ነው፤ ቢፈርስ ግን የሚፈርሰው ግድግዳው ብቻ እንዲሆን ሰዎቹ አስቀድመው መተዋወቅ አለባቸው።

በዚህ መካከል ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። ዘግይቶ የሚመጣ አንድ ሰው ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል። ጋሽ አባይነህ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉና ወደ ደጃፉ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ።