ሰይድ ያላለው «ሊሆን ይችላል»

ባለቤቴ ሰይድ መካነ ሰላም ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ብሄድ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያወጣውን ፕሮግራም ሳያሠራው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲመረምር አገኘሁት። በቁጥሮቹ ፋንታ «ዜሮ» እና «ከዜሮ በላይ» ብቻ እያለ ይጽፋል። ፕሮግራሙን ሳያሠሩ ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያዩበት ዘዴ ነው፤ አብስትራክት ኢንተርፕሪቴሽን ይባላል።

«አንድ ተማሪ የተፈተነው የትምህርት ብዛት ዜሮ ሊሆን ይችላል። በዜሮ ሲያካፍል ፕሮግራሙ ይቆማል» አላቸው አጠገቡ ቆመው ያዩ የነበሩትን ርእሰ መምህር።

«ምንም ሳይፈተን የተመዘገበ ማን አለ?»

«እሱን አላውቅም፣ ጋሼ። ተመዝግባ ሳትፈተን ዓረብ አገር የሄደች ብትኖርስ? በዚህ ዘዴ የማይደርሰውንም ሊደርስ ይችላል ልል እችላለሁ። አይደርስም ካልኩ ግን በየትኛውም መንገድ አይደርስም።»

«አይ ሰይዶ፣ ሳይታመም መርፌ ልትወጋው ነው!» ብለው ሳቁ።

«እቤትም እንዲሁ ነው» አልኩ እኔ። «ለእራት ትመጣለህ ወይ ስለው፣ ሊሆን ይችላል ነው መልሱ።» እሱም ሳቀ።

ከዓመታት በኋላ ታሞ፣ ወንድሙ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ሊወስደው ሚኒባስ ውስጥ አስገባው። በመስኮቱ በኩል «ትመለሳለህ?» አልኩት።

እጄን ያዝ አድርጎ «እመለሳለሁ፣ አብሽሪ» አለኝ።

ሊሆን ይችላል አላለም። እኔም አምኜው፣ ልቤ ቀለል ብሎት ወደ ቤቴ ገባሁ።

የተመለሰው አስከሬኑ ነው። ቀብረነዋል፤ አውቃለሁ። ግን አመሻሽ ላይ በር ሲንኳኳ «እሱ ሊሆን አይችልም» ማለት እስካሁን አልሆነልኝም።