በዓይኑ የሚለካው ልብስ ቆራጭ

ከኮተቤ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከወሬያቸው እንደገባኝ አንደኛው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው።

«ያ ኩሩ ቆራጭህስ?» አለው ወዳጁ።

«‹ሜትር ለጀማሪ ነው› እያለ በዓይኑ ይቆርጣል። ማኅበሩ የተዋዋለው የተማሪዎች ዩኒፎርም ሱሪ ሁሉ አጠረ። ብጠይቀው፣ ‹ልጆቹ ናቸው የረዘሙት› አለኝ።»

«አታባርረውም?»

«ማን ሊቆርጥልኝ? ሙያውን ለማንም አያሳይም።»

«ለቀበሌ ጠቁመዋ! አሻጥረኛ ነው በል፤ በማግስቱ ይወስዱልሃል።»

«መውሰዱንስ ይወስዱታል፤ መመለሱን ማን ያውቃል? ለሱሪ ብዬ ሰው አላስበላም።»

«እና ዝም አልከው?»

«ምን ዝም እላለሁ! የማስረከቢያው ቀን በሩ ላይ አስቀምጬ፣ ‹ጌታው፣ ዛሬ አንተ አስረክብ› አልኩት። እናቶች መጡ።»

«ወይ ጉድ!»

«አንዷ ልጇን ፊቱ አቁማ፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሱሪ ነው ሙታንታ?› አለችው። ቀኑን ሙሉ በየተራ በስድብ ሲያጥቡት ዋሉ።»

«ከዚያስ?»

«ዛሬ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባና ያጠሩትን ራሱ ይፈታ ጀመር። ሰላምም አለኝ፣ ብታምን።»

እኔ የሱቄን ሠራተኛ አሻጥረኛ ነው ብዬ ለቀበሌ ያጻፍኩትን ማመልከቻ ከእጄ ወደ ውስጠኛው ኪሴ ከትቼ ሾላ ላይ ወረድኩ።